ከሊሊያን ጊሽ ድምፅ አልባ ፊልሞች የትኛውን እናስቀድም? የንጽጽር መመሪያ

ሊሊያን ጊሽ በ1902 በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት፣ ራይዚንግ ሰን በምትባል ትንሽ ከተማ ለመጀመሪያ ጊዜ መድረክ ላይ ስትወጣ ገና ሕፃን ነበረች፤ የመጨረሻ ፊልሟ ለሕዝብ የቀረበው ደግሞ በ1987 ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በሁለቱ መካከል 85 ዓመታት አሉ። ይህን ያህል ዘመን የሠራችን ተዋናይት ማወቅ የፈለገ ሰው ስሟን ኢንተርኔት ላይ ሲጽፍ በርካታ ፊልሞች ይደረደሩለታል፤ የአንዱ ፊልም ብቻ አራትና አምስት ዓይነት ቅጂ ይመጣል፣ አንዱ ቅጂ ከሌላው በግማሽ ሰዓት ይረዝማል፣ አንዱ ሙዚቃ አለው፣ ሌላው ጭራሽ ድምፅ የለውም። አብዛኛው ሰው ከላይ የመጣለትን ይከፍታል፣ ሩብ ሰዓት ያህል ይታገላል፣ ከዚያም ድምፅ አልባ ፊልም ለእኔ አይሆንም ብሎ ይዘጋዋል። እኔም በመጀመሪያ ያደረግሁት ይህንኑ ነው። ጥፋቱ የተዋናይቷም የእኔም አልነበረም፤ ለጀማሪ የማይሆን ፊልም በተበላሸ ቅጂ መክፈቴ ነው።

ስለዚህ ከዚህ በታች ስድስት ፊልሞቿን ጎን ለጎን አስቀምጬ እመዝናለሁ። ስድስቱንም የመረጥኩት ዛሬ ሊገኙ ስለሚችሉና በስድስቱም ውስጥ ዋናውን ሚና የያዘችው እሷ ስለሆነች ነው። ሊገኙ ስለሚችሉ ማለቴ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ጊሽ ራሷ በ1920 በዳይሬክተርነት የሠራችውና ታናሽ እኅቷ ዶሮቲ የተወነችበት ፊልም ጠፍቷል፤ ዛሬ ማንም ሊያየው አይችልም። ከዚያ ዘመን የተረፈው ከጠፋው ያነሰ ስለሆነ፣ የቀረውን በአግባቡ መርጦ ማየት ዋጋ አለው።

ከመድረክ ወደ ካሜራ

ምርጫውን ለመረዳት ይህች ሴት ከየት እንደመጣች ጥቂት ማወቅ ያስፈልጋል። አባቷ ቤተሰቡን ትቶ ሲሄድ እናቷ ሁለት ሴት ልጆቿን ለማሳደግ ቴአትር ገባች፤ ልጆቹም ተከተሏት። ያኔ ተዘዋዋሪ ጓዶች በባቡር ከከተማ ወደ ከተማ እየዞሩ አልቃሽና አስለቃሽ ድራማ ያሳዩ ነበር፤ ሊሊያንም ከእናቷና ከእኅቷ ተለይታ ከእንግዳ ሰዎች ጋር የተጓዘችበት ጊዜ ብዙ ነው። ማይክሮፎን በሌለበት አዳራሽ ድምፅዋ ከኋለኛው ወንበር ካልደረሰ በሌላ ሕፃን ትተካለች። ድምፅ ብቻም አይደለም፤ ትከሻው፣ አንገቱ፣ የእጅ ጣቱ ሳይቀር ከሩቅ እንዲነበብ ሆኖ መሠልጠን ነበረበት።

በ1912 እኅትማማቾቹ በኒው ዮርክ 14ኛ መንገድ ወደሚገኘው የባዮግራፍ ኩባንያ ሄዱ። የሄዱት ከመድረክ ጊዜ የሚያውቋትን ጓደኛቸውን ለመጠየቅ ነበር፤ ጓደኛቸው በኋላ ሜሪ ፒክፎርድ ተብላ ዓለም ያወቃት ልጅ ናት። ዳይሬክተሩ ዲ. ደብልዩ. ግሪፊዝ ሁለቱን መለየት ስላቃተው በየጸጉራቸው የተለያየ ቀለም ያለው ሪባን አሰረላቸው፤ ከዚያም ሽጉጥ አውጥቶ ወደ ላይ እየተኮሰ ሲደነግጡ ተመለከተ። ፈተናቸው ይህ ነበር። ለአዳራሽ የተሠራ አካል ያኔ ከካሜራ ፊት ቆመ፤ ካሜራው ደግሞ ከክንድ ርቀት እያየ የሚጠይቃት ማጋነንን ሳይሆን መቀነስን ነው። የጊሽ የድምፅ አልባ ዘመን ሥራ በሙሉ፣ እንደ እኔ እይታ፣ ይህን የመቀነስ ጥበብ የተማረችበት 16 ዓመት ነው። ፊልሞቿን የምመዝነውም በዋናነት በዚህ ነው።

በ1930 ወደ ኒው ዮርኩ የቴአትር ሰፈር ወደ ብሮድዌይ ተመልሳ የሩሲያዊውን ጸሐፊ የቼኾቭን «አጎቴ ቫንያ» ሠራች፣ በ1936 ከእንግሊዛዊው ተዋናይ ከጆን ጊልጉድ ጋር በ«ሐምሌት» ኦፊሊያን ተጫወተች። እነዚህን የመድረክ ሥራዎች ዛሬ ተቀምጠን ልናያቸው አንችልም። የመድረኩን ጊሽ የምናገኛት በፊልሞቹ ውስጥ ብቻ ነው።

መመዘኛዎቹ

የመጀመሪያው መመዘኛዬ የትወናው ነገር ነው፤ ይኸውም ፊልሙ የጊሽን ችሎታ ምን ያህል በግልጽ ያሳያል የሚለው። ብዙ ሕዝብ፣ ብዙ ፈረስና ብዙ ቤተ መንግሥት ያለበት ፊልም ጥሩ ሊሆን ይችላል፣ ነገር ግን ተዋናይቷን ለማወቅ ለሚፈልግ ሰው መጋረጃ ይሆንበታል።

ሁለተኛው ርዝመት ነው። አንዳንዶቹ ከሰዓት ከሩብ ብዙም አያልፉም፣ አንዳንዶቹ ወደ ሁለት ሰዓት ተኩል ይደርሳሉ፤ ለጀማሪ ይህ ልዩነት ወሳኝ ነው። ሦስተኛው የንባቡ ብዛት ነው። በድምፅ አልባ ፊልም ንግግሩና ትረካው በምስሎቹ መካከል በጽሑፍ ይመጣል፤ ጽሑፉ እንግሊዝኛ፣ ያውም የመቶ ዓመት እንግሊዝኛ ስለሆነ፣ ከወላጆች ወይም ከልጆች ጋር የሚያይ ሰው ጮክ ብሎ ወደ አማርኛ መመለስ ይኖርበታል። ንባቡ በበዛ ቁጥር ድካሙም ይበዛል።

አራተኛው ፊልሙ ከማን ጋር ይታያል የሚለው ነው፤ ዱላ፣ መደፈርና የሕፃን ሞት ያለባቸው አሉና አስቀድሞ ማወቅ ይበጃል። አምስተኛው የቅጂው ጥራትና ዋጋ ነው። ስድስተኛውን ብዙ መመሪያዎች ይዘሉታል፤ እኔ ግን አልዘለውም። እነዚህ ፊልሞች የተሠሩበት አገርና ዘመን ጥቁሮችንና እስያውያንን የሚያይበት ዓይን በምስሉ ላይ ታትሟል፤ ተመልካቹ ይህን ሳያውቅ እንዲገባ ማድረግ ተገቢ አይደለም።

በዚህ በስድስተኛው መመዘኛ ምክንያት አንድ ፊልም ከንጽጽሩ አውጥቻለሁ። ግሪፊዝ በ1915 ያወጣውና ጊሽ ዋና ሴት ሆና የተወነችበት «ዘ በርዝ ኦፍ ኤ ኔሽን» በስሟ ስር ከሚመጡት ሁሉ ዝነኛው ነው። ፊልሙ ጥቁር አሜሪካውያንን አዋርዶ፣ የነጭ ዘረኞች አሸባሪ ቡድን የሆነውን ኩ ክሉክስ ክላንን አዳኝ አድርጎ የሚያሳይ ነው፤ ያኔውኑ የጥቁሮች መብት ማኅበር የሆነው ኤን.ኤ.ኤ.ሲ.ፒ. ተቃውሞታል፣ ክላኑም በዚያው ዓመት እንደገና ተቋቁሟል። ክርክሩ እስከ ዛሬ አልተዘጋም፤ በ2019 የኦሃዮው ቦውሊንግ ግሪን ዩኒቨርሲቲ በጊሽ እኅትማማቾች ስም ከተጠራው የፊልም አዳራሹ ላይ ስማቸውን አንሥቷል። የሲኒማን ታሪክ የሚያጠና ሰው ፊልሙን ሊመረምረው ይገባል። ጊሽን ለመተዋወቅ ግን በዚያ መጀመር አያስፈልግም፤ የትወናዋም ምርጥ እዚያ አይደለም።

«ዌይ ዳውን ኢስት» (1920)

አና ሙር የምትባል ድሃ የገጠር ልጅ ሀብታም ዘመዶቿ ዘንድ ወደ ቦስተን ትሄዳለች፤ እዚያም አንድ ቅምጥል ጎረምሳ በሐሰት ሠርግ ያታልላታል፣ ስታረግዝም ይተዋታል። ሕፃኑ ይሞታል። አና ስሟን ደብቃ በአንድ ገበሬ ቤት በአገልጋይነት ትቀጠራለች፤ ምሥጢሯ ሲወጣም የቤቱ አባወራ በበረዶ ውሽንፍር ውስጥ ያባርራታል። ታሪኩ በጊዜው እንኳ ያረጀ የመድረክ ድራማ ነበር፤ ግሪፊዝ መብቱን በ175,000 ዶላር ሲገዛ ብዙዎች ገንዘቡን እንደጣለ ቆጥረውት ነበር።

ለእኛ ግን ታሪኩ እንግዳ አይደለም። የተከዳች ልጅ፣ ሐሜተኛ ጎረቤት፣ ደግ የቤት እመቤት፣ ቁጡ አባወራ ማንም አስረጂ አያስፈልጋቸውም። ይህን ፊልም ከእናቴ ጋር ያየሁት ሳሎናችን ውስጥ ነው፤ እኔ ጽሑፉን ወደ አማርኛ እየመለስኩ ጮክ ብዬ አነባለሁ፣ እሳቸው ከሶፋው ጫፍ ተቀምጠው ያያሉ። አና በአከራይ ቤት ብቻዋን ሆና የሚሞተውን ሕፃን ታቅፋለች፤ ሳይጠመቅ እንዳያመልጣት ፈርታ ውኃ አቅርባ ራሷ በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም ታጠምቀዋለች። ጽሑፉ ሲመጣ ላነብ አፌን ስከፍት እናቴ እጃቸውን አንሥተው «ተው፣ አትንገረኝ፤ ገብቶኛል» አሉኝ። ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ክርስትና በሚነሡበት ሥርዓት ላደጉ እናት ያ ትዕይንት ትርጉም አያሻውም ነበር። ጊሽ እዚያ አታለቅስም። የሕፃኑን እጅ በእጇ ይዛ በትንፋሿ ታሞቀዋለች፣ ከዚያ ቀና ስትል ፊቷ ላይ ምንም የለም፤ የደነገጠ ባዶነት ብቻ ነው። ለኋለኛው ወንበር ለመጮህ የሠለጠነች ልጅ እዚህ ጩኸቱን ወደ ውስጥ ውጣዋለች።

የፊልሙ ዝነኛ ክፍል መጨረሻው ነው። አና በወንዝ ላይ በሚንሳፈፍ የበረዶ ግግር ላይ ወድቃ ወደ ፏፏቴው ትወሰዳለች። ይህ በቬርሞንት ግዛት በዋይት ሪቨር ጃንክሽን በእውነተኛ ክረምት፣ በእውነተኛ ግግር ላይ የተቀረጸ ነው። እጇና ጸጉሯ ውኃው ውስጥ እየተጎተቱ ይታዩ የሚለውን ሐሳብ ያመጣችው ራሷ ነበረች፤ ቀረጻው ተደጋግሞ እጇን በረዶ ስለጎዳት ሕመሙ ከዚያ በኋላ ለዘመናት አልለቀቃትም። ከውሽንፍሩ ትዕይንት ደግሞ የዓይን ሽፋሽፍቷ ላይ በረዶ የጋገረበትን ቅርብ ምስል ልብ ይበሉ፤ ቀለም አይደለም፣ በረዶ ነው።

ድክመቱ ርዝመቱ ነው። ወደ ሁለት ሰዓት ተኩል የሚጠጋ ሲሆን የመንደሩን ሰዎች ለማሳቅ የገቡት ክፍሎች ዛሬ አያስቁም። የታደሰው ቅጂም አንዳንድ የጠፉ ቦታዎችን በቆሙ ፎቶዎችና በጽሑፍ ይሸፍናል። መፍትሔው በሁለት ምሽት ማየት ነው፤ አና ወደ ገበሬው ቤት እስክትደርስ በመጀመሪያው፣ የቀረውን በሁለተኛው።

«ዘ ዊንድ» ወይም «ነፋሱ» (1928)

በትወናው መመዘኛ አንደኛ የማስቀምጠው ይህን ነው። ሌቲ የምትባል ወጣት ከቨርጂኒያ ወደ ምዕራብ ቴክሳስ ትሄዳለች፣ በዘመዷ ቤት ልትኖር። የዘመዷ ሚስት ትቀናባትና ታስወጣታለች፤ መሄጃ ስታጣ የማትወደውን ሰው ታገባለች፤ ነፋሱና አሸዋው ቀንና ሌሊት ሳያቋርጡ ቤቱን ይመቱታል፣ አእምሮዋም ቀስ በቀስ ይናጋል። ታሪኩ የተወሰደበትን መጽሐፍ አንብባ ፊልም ይሁን ብላ ለኩባንያው ያቀረበችው ጊሽ ናት፤ ስዊድናዊው ቪክቶር ሾስትሮም እንዲያዘጋጀውም የፈለገችው እሷ ናት።

ቀረጻው በካሊፎርኒያ ሞሃቪ በረሃ ነበር። አሸዋውን የሚያስነሡት ስምንት የአውሮፕላን ማራገቢያዎች ናቸው፤ ሙቀቱ በጥላ ሥር እንኳ የሚያቃጥል ስለነበር ጊሽ የአንድ መኪና በር እጀታ ስትነካ መዳፏ ተቃጥሏል። ይህን ሁሉ ያነሣሁት መከራዋን ለማወደስ ሳይሆን በምስሉ ላይ ስለሚታይ ነው፤ ዓይኗን ስትጨፍን ከአሸዋው ነው የምትጨፍነው።

አንድ ትዕይንት ብቻ ላንሣ። ሌቲ በመስኮት ወደ ውጭ ታያለች። ከውጭ፣ በአሸዋ ውስጥ፣ እሷ የቀበረችው ነገር አለ፤ ነፋሱ አሸዋውን በትንሽ በትንሹ እያነሣ ይገልጠዋል። ካሜራው ፊቷ ላይ ይቆያል። ዓይኖቿ ይሰፋሉ፣ ከንፈሯ ይላላል፣ እጇ ወደ ጉንጯ ይወጣል፤ ሌላ ምንም አይሠራም። ጽሑፍ የለም። በጠቅላላውም በዚህ ፊልም ንባቡ ጥቂት ነው፤ እንግሊዝኛ የማያነብ ሰው እንኳ ከአምስት ዓረፍተ ነገር ማብራሪያ በኋላ ይከታተለዋል። ርዝመቱ ወደ 80 ደቂቃ ገደማ ነው።

ለልጆች አይሆንም፤ የመደፈር ትዕይንት አለበት፣ ጭንቀቱም ከባድ ነው። የመጨረሻው መቋጫም ከቀደመው ጋር አይሄድም የሚሉ አሉ፤ ጊሽ ራሷ ደስታ ያለበት መጨረሻ በኩባንያው ግፊት የመጣ እንደሆነ ትናገር ነበር። እኔ መጨረሻው ደካማ ነው በሚለው እስማማለሁ፤ ከዚያ በፊት ያለው ግን ሳይነካ ይቀራል። ፊልሙ ለሕዝብ ሲቀርብ ተናጋሪ ፊልሞች ሲኒማ ቤቶችን መሙላት ጀምረው ስለነበር በጊዜው የሚገባውን ተመልካች አላገኘም።

«ብሮክን ብሎሰምስ» ወይም «የተሰበሩ አበቦች» (1919)

ቦታው በለንደን ላይምሃውስ የሚባለው የወደብ ሰፈር ነው። ሉሲ ቦክሰኛ አባቷ የሚደበድባት ልጅ ናት፤ ፈገግታ ስለማታውቅ አባቷ ሳቂ ሲላት በሁለት ጣቶቿ የከንፈሯን ጫፍ ወደ ላይ ገፍታ ፈገግታ ትሠራለች። ይህን ምልክት የፈጠረችው ጊሽ ናት፤ በፊልሙ ውስጥ በተደጋጋሚ ይመጣል፣ በመጣ ቁጥርም ትርጉሙ ይከብዳል። በሌላ ትዕይንት አባትየው በሩን በመጥረቢያ ሲፈልጥ ሉሲ ጠባብ ቁም ሣጥን ውስጥ ሆና ክብ እየዞረች ትጮኻለች። እዚያ ላይ የመድረኩ ጉልበት ሳይቀነስ ወጥቷል፤ ቦታው ከመጥበቡ የተነሣ የሚያመልጥበት አላገኘም። ጊሽ ይህን ከመሥራቷ ጥቂት ቀደም ብሎ በ1918ቱ የኅዳር በሽታ ታማ ነበር፤ በምስሉ ላይ የምናየው ክሳት ከዚያም የተረፈ ሳይሆን አይቀርም።

ርዝመቱ ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ነው፣ ለጀማሪ ተስማሚ ነው። ሁለት ማስጠንቀቂያዎች ግን አሉ። አንደኛ፣ በልጅ ላይ የሚፈጸመው ድብደባ ረጅምና ግልጽ ነው፤ እንዲህ ያለ ነገር በሕይወቱ ያየ ሰው ሳይነገረው ሊቀርብለት አይገባም። ሁለተኛ፣ ልጅቷን የሚያስጠጋት ቻይናዊ ሚና የተሰጠው ለነጩ ተዋናይ ለሪቻርድ ባርተልመስ ነው፤ ዓይኑን አጥብቦ፣ ወገቡን አጎንብሶ ይጫወታል። ፊልሙ ለቻይናዊው ያዝናል፣ ግን በራሱ ሰው ሊያስወክለው አልፈለገም፤ የጽሑፎቹም ቋንቋ በዘር ስድብ የተሞላ ነው።

«ኦርፋንስ ኦፍ ዘ ስቶርም» ወይም «የማዕበሉ ወላጅ አልባዎች» (1921)

ሁለቱ እኅትማማቾች፣ ሊሊያንና ዶሮቲ፣ አብረው የሚታዩበት ትልቁ ፊልም ነው፤ ሊሊያን ከግሪፊዝ ጋር የሠራችውም የመጨረሻው ነው። ዶሮቲ ዓይነ ስውሯን ሉዊዝን፣ ሊሊያን የምትንከባከባትን ሄንርየትን ሆነው በፈረንሳይ አብዮት ዋዜማ ወደ ፓሪስ ይመጣሉ፤ እዚያም ይጠፋፋሉ። ሕዝቡ፣ ቤተ መንግሥቱ፣ አንገት መቁረጫው ጊዮቲን ሁሉ አለ፤ ንባቡም እጅግ ብዙ ነው፣ ገና ከመክፈቻው ግሪፊዝ ተመልካቹን ስለ ቦልሼቪኮች ይመክራል። ወደ ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈጃል። የፈረንሳይን አብዮት ጥቂት ለማያውቅ ሰው ድካም ነው።

ነገር ግን አንድ ትዕይንት አለው። ሄንርየት ፎቅ ላይ ባለ ክፍል ውስጥ ከአንዲት ሴት ጋር ስታወራ ከታች ከመንገዱ የእኅቷ የዘፈን ድምፅ ይመጣል። እኛ አንሰማውም፤ የምናየው ሊሊያን ስትሰማው ነው። መጀመሪያ ንግግሯ ይቆማል፣ ቀጥሎ ጭንቅላቷ ትንሽ ዘንበል ይላል፣ ማመን አቅቷት ወደ ሴትዮዋ ታያለች፣ ከዚያ ወደ መስኮቱ። በእውነቱ ጠፍቶባት የኖረ ሰው ድምፅ የሰማ ሁሉ እንዲህ ነው የሚሆነው። ፊልሙን በሙሉ የማያይ ሰው ይህን ትዕይንት ብቻ ፈልጎ ቢያይ አይቆጭም።

«ላ ቦኤም» እና «ዘ ስካርሌት ሌተር» (ሁለቱም 1926)

እነዚህን በአንድ ላይ አልፋቸዋለሁ። ሁለቱም የኤም.ጂ.ኤም. ኩባንያ ሥራዎች ናቸው፣ ሁለቱም ወደ አንድ ሰዓት ከ35 ደቂቃ ይሆናሉ፣ ሁለቱም ከግሪፊዝ ፊልሞች ይልቅ ለዛሬ ዓይን የተስተካከሉ ናቸው። «ላ ቦኤም» በኪንግ ቪዶር የተዘጋጀ የፓሪስ ድሆች የፍቅር ታሪክ ነው። ጊሽ በሳንባ ነቀርሳ የምትሞተውን ሚሚን ለመጫወት ከሞቱ ትዕይንት በፊት ለሦስት ቀን ያህል ፈሳሽ ሳትቀምስ ቀርታ ከንፈሯን አድርቃለች፤ ቪዶር ትንፋሿ ሲጠፋበት የምር የሞተች መስሎት ነበር። እንዲህ ያለው ጥንቃቄ ይደነቃል፣ እኔ ግን ሚሚን ከመጠን በላይ ቅድስት አድርጋታለች ባይ ነኝ።

«ዘ ስካርሌት ሌተር»፣ «ቀዩ ፊደል»፣ የተሻለ ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ቦስተን ከጋብቻ ውጭ በመውለዷ ደረቷ ላይ የውርደት ፊደል እንድትለብስ የተፈረደባት ሴት ታሪክ ሲሆን፣ አዘጋጁ ያው ሾስትሮም ነው። አብሯት የሚጫወተው ላርስ ሃንሰን በስዊድንኛ ይናገር ነበር፣ እሷ በእንግሊዝኛ ትመልስለት ነበር፤ ድምፅ ስለማይቀረጽ ማንም አላወቀም፣ ምስሉም አልተጎዳም። የሃይማኖት ጥብቅነትና የማኅበረሰብ ፍርድ የሚያነጋግረው ቤተሰብ ካለ ከስድስቱ ለውይይት የሚመቸው ይህ ነው።

ማጠቃለያ ሠንጠረዥ

| ፊልም | ርዝመት በግምት | ንባብ | ትወና | ጥንቃቄ | ለማን |
|---|---|---|---|---|---|
| ዌይ ዳውን ኢስት | 2 ሰዓት ተኩል ገደማ | ብዙ | እጅግ ጥሩ | የሕፃን ሞት | ለቤተሰብ፣ በሁለት ምሽት |
| ነፋሱ | 80 ደቂቃ ገደማ | ጥቂት | ከሁሉ የላቀ | መደፈር፣ ከባድ ጭንቀት | ብቻውን ለሚያይ አዋቂ |
| የተሰበሩ አበቦች | 1 ሰዓት ተኩል | መካከለኛ | እጅግ ጥሩ | የልጅ ድብደባ፣ የዘር አመለካከት | ትወና ለሚያጠና |
| የማዕበሉ ወላጅ አልባዎች | 2 ሰዓት ተኩል ገደማ | እጅግ ብዙ | ጥሩ፣ አንድ ድንቅ ትዕይንት | ርዝመት | ታሪክ ለሚወድ |
| ላ ቦኤም | 1 ሰዓት ከ35 | መካከለኛ | ጥሩ | ሕመምና ሞት | የፍቅር ታሪክ ለሚወድ |
| ቀዩ ፊደል | 1 ሰዓት ከ35 | መካከለኛ | በጣም ጥሩ | የለም ማለት ይቻላል | ለውይይት |

ስለ ቅጂና ስለ ዋጋ

ስድስቱም ፊልሞች በአሜሪካ ሕግ የቅጂ መብት ዘመናቸው አብቅቷል፤ «ነፋሱ» በ2024 መጀመሪያ ነፃ ሆኗል። ስለዚህ በነፃ ማየት ይቻላል። አዲስ የተቀዳ ሙዚቃ ወይም አዲስ እድሳት ግን የራሱ መብት ሊኖረው ስለሚችል፣ የታደሰው ቅጂ የሚከራይ ወይም በዲስክ የሚሸጥ ቢሆን አይግረምዎ።

ነፃው ቅጂ ይበቃል ወይስ መክፈል ይሻላል የሚለውን ለመወሰን አምስት ደቂቃ ማየት ይበቃል። ሰዎቹ እንደ ሮጡ የሚራመዱ ከሆነ ፍጥነቱ ተበላሽቷል። በዚያ ዘመን ካሜራው በእጅ ይዞር ስለነበር ፍጥነቱ ከፊልም ፊልም ይለያያል፤ በሰከንድ በ18 ምስል የተቀረጸ ፊልም በ24 ቢታይ በሲሶ ይፈጥናል፣ የሁለት ሰዓቱ ፊልም በአንድ ሰዓት ተኩል ያልቃል። በዚህ ፍጥነት የጊሽ ፊት ላይ ያለው ዝግታ ሁሉ ይጠፋል፤ ያኔ የምናየው ድራማ ሳይሆን መርበትበት ነው። እንዲሁም ፊቷ እንደ ኖራ ነጭ ሆኖ ዓይንና አፍ ብቻ የሚታይ ከሆነ፣ ቅጂው ከቅጂ የተቀዳ ነውና ይዝጉት። ሙዚቃው ከትዕይንቱ ጋር የማይሄድ ሲሆን ግን አይቸገሩ፤ ድምፁን አጥፍቶ ማየት ይቻላል፣ ከመጥፎ ሙዚቃ ዝምታ ይሻላል።

በኢንተርኔት ጥቅል ስልክ ላይ ለሚያይ ሰው ረጃጅሞቹን አልመክርም። ከ1912 ጀምሮ የተሠሩት የባዮግራፍ አጫጭር ፊልሞች ሩብ ሰዓት ገደማ ናቸው፤ የመጀመሪያዋ የሆነው «አን አንሲን ኤነሚ» ሁለቱን እኅትማማቾች በአንድ ክፍል ተዘግተው ከሽጉጥ ሲሸሹ ያሳያል፤ ለመቅመሻ በቂ ነው። አሜሪካና አውሮፓ ያሉ አንባቢዎች ደግሞ ከመክፈላቸው በፊት የሰፈራቸውን የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ይጠይቁ፤ በአባልነት መታወቂያ ዲስክ የሚያውሱና በኢንተርኔት የሚያሳዩ ብዙ ናቸው።

ለማን የትኛው

እናትና አባት፣ አክስትና አጎት የተሰበሰቡበት ቤት ከሆነ ያለ ጥርጥር «ዌይ ዳውን ኢስት»ን ይያዙ፤ ጮክ ብሎ የሚያነብ አንድ ሰው አስቀድመው ይመድቡ፣ አንባቢውም እያንዳንዱን ቃል ለመመለስ አይድከም፣ ፍሬ ነገሩን ይናገር። ብቻውን የሚያይና አንድ ፊልም ብቻ ለማየት ጊዜ ያለው ሰው «ነፋሱ»ን ይምረጥ፤ በተቻለ መጠን በትልቅ ስክሪን፣ መብራት ጠፍቶ። ገንዘብ የሚያወጡ ከሆነ በዚህ ላይ ያውጡ፤ አሸዋና ጥላ በተበላሸ ቅጂ ላይ ጭቃ ይሆናል። «ዌይ ዳውን ኢስት» ግን በመካከለኛ ቅጂም ይዘቱን አያጣም።

ቴአትር የሚማር ወይም የሚሠራ ሰው በቅደም ተከተል ሦስት ይይ፦ «የተሰበሩ አበቦች»፣ «ዌይ ዳውን ኢስት»፣ «ነፋሱ»። በመጀመሪያው አካሏ ሁሉ ይናገራል፣ በሁለተኛው አካሏ ዝም ሲልና ፊቷ ሲረከበው ይታያል፣ በሦስተኛው ዓይኖቿ ብቻ ይቀራሉ። ለዚህ ሰው ድምፁን አጥፍቶ አንዱን ትዕይንት ሦስት ጊዜ መመልከት፣ አንድ ጊዜ እጇን፣ አንድ ጊዜ ትከሻዋን፣ አንድ ጊዜ ዓይኗን ብቻ እየተከተሉ፣ ከብዙ ንባብ የበለጠ ያስተምራል።

ድምፅ የሌለውን ፊልም ከነጭራሹ መታገሥ ያቃተው ካለ በሌላ በር ይግባ። በ1955 የወጣው «ዘ ናይት ኦፍ ዘ ሃንተር» ጊሽን ጠመንጃ ጭና በረንዳ ላይ ተቀምጣ ወላጅ አልባ ልጆችን የምትጠብቅ አሮጊት አድርጎ ያሳያታል፤ ድምፅዋ ይሰማል፣ ሲያስፈልግም ትዘምራለች። በ1987ቱ «ዘ ዌልስ ኦፍ ኦገስት» ደግሞ ዕድሜዋ ከ90 አልፎ ከቤቲ ዴቪስ ጋር ትጫወታለች፤ በአንድ ትዕይንት የሟች ባሏን ፎቶ ከፊቷ አስቀምጣ ብቻዋን የጋብቻቸውን በዓል ታከብራለች። ይህን ግን ከ«ነፋሱ» በኋላ ማየት ይሻላል፤ ያኔ በመስኮቱ አጠገብ የሰፉት ዓይኖች 59 ዓመት ቆይተው ምን እንደሚመስሉ ለይቶ ማወቅ ይቻላል።